የኤጅፊልድ ሟቾች፦ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአስከሬን ምርመራ ወረቀት አነባበብ

የሳውዝ ካሮላይናዋ ኤጅፊልድ በደም አፍሳሽነት ስሟ የወጣ ካውንቲ ናት። ስሙን ያወጡላት ግን ትልልቅ ሰዎቿ ናቸው። በ1840 ሉዊስ ዊግፎል በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ቶማስ በርድን ተኩሶ ገደለ፤ በዚያው ዓመት በሳቫና ወንዝ ደሴት ላይ ከፕሬስተን ብሩክስ ጋር ተታኩሶ ሁለቱም ቆሰሉ። ይኸው ብሩክስ ሜይ 22 ቀን 1856 ሴናተር ቻርልስ ሳምነርን እዚያው ሴኔት አዳራሽ ውስጥ በዱላ ደብድቦ ጣለው። እነዚህን ታሪኮች ይዞ ወደ ካውንቲዋ የአስከሬን ምርመራ መዝገብ የሚገባ ሰው ሽጉጥና ክብር ጠብቆ ይገባል። የሚያገኘው ምድጃ ያቃጠለው ሕፃን፣ ጠጥቶ ውርጭ ላይ ያደረ መንገደኛ፣ ወንዝ የወሰደው ሰው፣ አልፎ አልፎም «በቅጣት» የሞተ ባሪያ ነው። የግድያ ወረቀት አለ፤ ግን በአደጋና በድንገተኛ ሞት ወረቀቶች መሃል ተበትኖ ነው። ስለዚህ ወረቀቶቹን ለመገልበጥ ስትነሡ ታዋቂ ስም እየፈለጋችሁ ገጽ አትዝለሉ፤ የወረቀቶቹን ሳጥን ከላይ እስከ ታች አንብቡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከሁሉ በፊት ወሰኑን ለዩ። ኤጅፊልድ እስከ 1868 ሕገ መንግሥት ድረስ «ዲስትሪክት» ትባል ነበር፤ ካውንቲ የሆነችው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1871 አይከን ካውንቲ ሲመሠረት ከኤጅፊልድ መሬት ወሰደ፣ በ1890ዎቹ ደግሞ ሳሉዳና ግሪንዉድ ተቆረሱላት። ጁላይ 8 ቀን 1876 የደረሰው፣ ጥቁሮች የተገደሉበት የሃምበርግ ጭፍጨፋ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያሳስታል። ገዳዮቹ በብዛት ከኤጅፊልድ የመጡ ነጮች ስለነበሩ ፈላጊው የኤጅፊልድን ሳጥን ያገላብጣል፤ ሃምበርግ ግን ያኔ አይከን ውስጥ ናት። የሟቾቹን ምርመራ የመራው የአካባቢው ዳኛ ፕሪንስ ሪቨርስ ነው፤ ራሱ ከባርነት የወጣና በርስ በርስ ጦርነቱ ለፌዴራሉ ጦር በሳጅንነት የተዋጋ ሰው። ጁሪው (አስከሬኑን አይቶ የሞቱን ምክንያት የሚወስነው የማሉ ሰዎች ቡድን) በርካታ ነጮችን በስም ጠቅሶ ቢከስም አንድም የተፈረደበት የለም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የምርመራው ወረቀት እንደ ደብዳቤ ይታጠፍና በውጭው ገጽ ላይ «መንግሥት በእገሌ አስከሬን ላይ» ተብሎ ይጻፍበታል፤ ተከሳሹ ሬሳው የሆነ እስኪመስል። ስትከፍቱት መጀመሪያ የሚገኘው ቃሉ የማይለዋወጥ አንቀጽ ነው፤ ቦታው፣ ቀኑ፣ የኮሮነሩ (ድንገተኛ ሞትን የሚመረምረው ሹም) ስም፣ «ሞቶ በተጋደመው በእገሌ አስከሬን እይታ ላይ» የሚለው ሐረግ፣ ከዚያ የማሉት ጎረቤቶች ዝርዝር። አውጫጭኝን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ባዕድ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ እዚህ የሚቀመጠው መንደሩ በሙሉ ሳይሆን አስከሬኑን በዓይናቸው አይተው የሚፈርሙ አሥራ ሁለት ወይም ጥቂት አለፍ ያሉ ወንዶች መሆናቸው ነው። ኮሮነሩ ራቅ ካለ ዳኛ ተክቶት ይሠራል፤ ስለዚህ ከፊርማው አጠገብ ያለውን ማዕረግ መዝግቡ።

ጀማሪ የሚሳሳተው ይህን የማይለዋወጥ አንቀጽ እንደ ማስረጃ ሲያነብ ነው። «ፈጣሪን በዓይኑ ፊት ሳያደርግ፣ በዲያብሎስ ግፊት ተነሣሥቶ» የሚለው ከእንግሊዝ ሕግ የወረሱት አባባል ነው። ስለ ገዳዩ እምነትም ሆነ ስለ ስካሩ የሚነግረን ነገር የለም። ማስረጃው ያለው የምስክሮቹ ቃል በሰፈረባቸው ተከታይ ቅጠሎችና በቁስሉ መግለጫ ላይ ነው፦ ስፋቱ ስንት ኢንች፣ ጥልቀቱ ስንት፣ በየትኛው ጎን። ጥይቱ ከኋላ ገብቶ ምስክሩ «ፊት ለፊት ተጋጠሙ» ካለ፣ ሁለቱንም እንዳሉ ጻፉ እንጂ ለማስታረቅ አትድከሙ።

የጽሕፈቱ ወጥመዶች ጥቂት ናቸው፣ ግን በየገጹ ይመጣሉ። ሁለት ኤስ ሲደራረቡ የመጀመሪያው ረዝሞ ኤፍ ይመስላል። ጄ-ኤን-ኦ «ጆን» ነው፣ «ጆናታን» አይደለም። «ዲቶ» በአጭሩ ዲ-ኦ ተብሎ ሲጻፍ የሰው ስም ተደርጎ ይገለበጣል።

የፍርዱን ቃል በተመለከተ «በእግዚአብሔር መጎብኘት» ማለት በሰው እጅ አልሞተም ማለት ነው፤ የልብ በሽታም፣ የሚጥል በሽታም፣ ጁሪው ያልገባውም ሁሉ እዚያ ይወድቃል። «በቅጣት» የሚለው ግን ሕጉን ሳያውቁ የሚያልፉት ቃል አይደለም። በ1740ው የባሪያ ሕግ በድንገተኛ ቁጣ ወይም ከልክ ባለፈ ቅጣት ባሪያ የገደለ ሰው ቅጣቱ 350 ፓውንድ ነበር። ሌላ ነጭ ምስክር ከሌለ ተከሳሹ ራሱ ምሎ ነፃ መውጣት ይችል ነበር። በ1821 ሆን ብሎ ባሪያ መግደል በሞት የሚያስቀጣ ሆነ፤ በቁጣ የተደረገው ግን እስከ 500 ዶላር መቀጫና እስከ 6 ወር እስራት ብቻ ነበረው። ስለዚህ «በቁጣ» እና «ሆን ብሎ» የሚሉት ሁለት ቃላት የአንድን ሰው አንገት ይወስናሉ፤ የጁሪው ሰዎች ደግሞ የባሪያው ጌታ ጎረቤቶች ናቸው። ባሪያ በነጭ ላይ መመስከር አይችልም ነበርና ከምስክሮቹ ዝርዝር ማን እንደቀረ ማየት ማን እንዳለ የማየት ያህል ይጠቅማል። ተከሳሹ ባሪያ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩን በመደበኛው የወንጀል ችሎት መዝገብ አትፈልጉት፤ እስከ 1865 ድረስ የዳኞችና የባለርስቶች ፍርድ ቤት የሚባለው ነው የሚያየው።

ሁለተኛው ምንጭ ከሕዝብ ቆጠራው ጋር በ1850፣ 1860፣ 1870 እና 1880 የተሞላው የሟቾች ቅጽ ነው። ቅጹ የሚሸፍነው ከጁን 1 እስከ ቀጣዩ ሜይ 31 ያሉትን 12 ወራት ብቻ ነው። በ1850ው ቅጽ «ኦክቶበር» ያለው ሰው የሞተው በ1849 ነው፣ «ማርች» ያለው በ1850። ዓመቱን ራሳችሁ በተለየ ዓምድ ጻፉ፤ ይህ ካልተደረገ ከምርመራው ወረቀት ጋር ሲገጣጠም ግማሹ ይስታል። በዕድሜ ዓምድ ላይ 3/12 ማለት የ3 ወር ሕፃን ነው፣ ቀን አይደለም። የዚያ ዘመን የባሪያ ቆጠራ ቅጽ ባሪያዎችን በስም አይጠራም፤ የሟቾች ቅጽ ግን አንዳንዴ የመጀመሪያ ስማቸውን ይዟል። ለብዙዎቹ በመንግሥት ወረቀት ላይ ስማቸው የሚገኘው በሞታቸው ምክንያት ነው።

የበሽታ ስሞቹን በዛሬ ስም ተክታችሁ አትጻፉ፤ የጥንቱን በአንድ ዓምድ፣ ግምታችሁን በሌላ አስቀምጡ። «ኮንሰምፕሽን» በአብዛኛው ሳምባ ነቀርሳ፣ «ፍለክስ» የደም ተቅማጥ፣ «ሎክጆ» መንጋጋ ቆልፍ፣ በበጋና በመኸር መጥቶ የሚመላለስ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ወባ ነው። «ድሮፕሲ» እብጠት ነው፤ ከልብ ይሁን ከኩላሊት አይታወቅም፣ ስለዚህ አትምረጡ። ከሁሉ ጥንቃቄ የሚሻው «ስማዘርድ» ነው፤ እናት ተኝታ የተጫነችው ሕፃን ማለት ነው፤ በባሪያ ሕፃናት ላይ በብዛት፣ በብርድ ወራት ይታያል። ዕድሜውና ወቅቱ ዛሬ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት ከምንለው ጋር ስለሚገጥም፣ እርጉዞችን ሳይቀር ያደክም የነበረው የእርሻ ሥራ እጁ እንዳለበት የሚከራከሩ ተመራማሪዎች አሉ። እናቲቱን ጥፋተኛ ያደረገው ቅጹን የሞላው ሰውና የባሪያዋ ጌታ ነው፤ እናንተ በ«ግድያ» ዓምድ አታስገቡት።

ሦስተኛው ከ1836 ጀምሮ የሚታተመው ኤጅፊልድ አድቨርታይዘር ጋዜጣ ነው። ቀን ስታወጡ ተጠንቀቁ፦ «ኢንስታንት» የተያዘው ወር ነው፣ «አልቲሞ» ያለፈው ወር። ጋዜጣው «ቆሰለ» ብሎ ዘግቦ የሚተወውን ሰው ቢያንስ የሚቀጥሉትን አራት አምስት እትሞች ተከተሉት። ጸረ ተሕዋስያን ሕክምና ባልነበረበት ዘመን ሆዱን የተመታ ሰው ከቀናት በኋላ በመመርቀዝ ይሞታል፤ ምርመራው ያኔ ይደረጋል፣ ወይም ጨርሶ አይደረግም። ዛሬ ሆስፒታል ደርሰው የሚድኑ ብዙ ቁስለኞች በዚያ ዘመን የግድያ ቁጥር ውስጥ ናቸው፤ ከዛሬው ጋር የሚያወዳድር ይህን ይያዝ።

ከርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ላሉት ዓመታት የፍሪድመንስ ቢሮን (ነፃ የወጡ ባሪያዎችን ጉዳይ የሚከታተለውን የፌዴራል መሥሪያ ቤት) የግድያና የግፍ ሪፖርቶች ጨምሩ፤ የአካባቢው ጁሪ «ባልታወቁ ሰዎች እጅ» ያለውን እነሱ አንዳንዴ በስም ይጽፉታል። ፕሬዚዳንት ግራንት በ1871 በክላን (ጥቁሮችን በሽብር ያጠቃ በነበረው የነጮች ስውር ማኅበር) ምክንያት ያለ ፍርድ ከመታሰር የሚጠብቀውን የሕግ ከለላ ባነሡባቸው ዘጠኝ ካውንቲዎች ውስጥ ግን ኤጅፊልድ የለችም፤ በዚያ ዘመቻ የተሰበሰበውን የምስክርነት ክምር እየፈተሹ ስለ ኤጅፊልድ ብዙ መጠበቅ ድካም ነው።

ስለ መቶኛና ስለ መጠን አንድ ነገር። በ1860 የዲስትሪክቷ ሕዝብ ወደ 40,000 ይጠጋል፣ ከግማሽ በላዩ በባርነት። ከዚህ ቁጥር ላይ አንድ ሟች ሲጨመር ከ100,000 ሰው የሚወጣው መጠን በ2.5 ይዘልላል። ስለዚህ የአንድ ዓመት መጠን አታስሉ፤ አሥር ዓመት አንድ ላይ አድርጉ፣ የጎደለ ፋይል ያለበትን ዓመትም በዜሮ አትሙሉት፣ ባዶ ተዉት። ባሪያና ነጩንም በየብቻው ቁጠሩ፤ ምርመራ የሚደረግበት ዕድላቸው እኩል አልነበረምና ድምሩ ልዩነቱን ይደብቃል።

የተገለበጡትን ፎርሞች ስትልኩ የውጭውን ገጽ ፎቶ አብራችሁ ላኩ፤ የሟቹ ስም ውስጥ ካለው የተለየ ሆኖ የሚገኘው እዚያ ነው።