አልፋ ሄሊክስን በወረቀት ሠራሁት

ባዮኬሚስትሪ አብራችሁኝ የምታጠኑ ሁሉ፣ አልፋ ሄሊክስ (የፕሮቲን ሰንሰለት እንደ ስፕሪንግ የሚጠቀለልበት ቅርጽ) በመጨረሻ እጄ ገብቷል! መጽሐፍ ሳልገልጥ፣ ከባዶ ወረቀት ተነስቼ ሠራሁት።

የፕሮቲን መገንቢያ የሆኑትን ሃያዎቹን አሚኖ አሲዶች የያዝኳቸው በአር ግሩፓቸው (አንዱን ከሌላው በሚለየው የጎን ክፍላቸው) ነው፤ ውኃ የሚሸሹ፣ ውኃ የሚወዱ፣ ቻርጅ ያላቸው እያልኩ። በፊደል ተራ መሸምደድ ጊዜ ማባከን ነው፤ እንዲህ ግን ቶሎ ይያዛሉ።

ፍዳዬን ያሳየኝ ሄሊክሱ ነው። በአንድ ዙር 3.6 አሚኖ አሲድ፣ የዙሩ ርዝመት 5.4 አንግስትሮም (አንዱ አንግስትሮም የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው)። ቁጥሩ ለፈተና ይያዛል፤ ግን ለምን 3 ወይም 4 አልሆነም? አኒሜሽን ደጋግሜ አየሁ፤ ሲያዩት ያምራል እንጂ ምክንያቱን አይነግርም።

መላውን ያገኘሁት ከኬሚስቱ ላይነስ ፖውሊንግ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ውስጥ ታሞ በተኛበት ሰንሰለቱን ወረቀት ላይ ስሎ ያጣጥፈው ነበር፤ ከባልደረቦቹ ከኮሪና ከብራንሰን ጋር በ1951 አሳተሙት። አሚኖ አሲዶቹን የሚያያይዘው ፔፕታይድ ቦንድ በከፊል ድርብ ስለሆነ አይዞርም፤ ርዝመቱም 1.33 አንግስትሮም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ስድስት አተሞች አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ይውላሉ፤ የሚዞረው ከአልፋ ካርቦኑ (አር ግሩፑ ከሚያያዝበት ካርቦን) ግራና ቀኝ ያለው ቦንድ ነው። ተመራማሪዎቹ ብራግ፣ ኬንድሩና ፔሩትዝ በ1950 ይህን ጠፍጣፋነት ሳያስገቡ፣ የዙሩንም ቁጥር ሙሉ እንዲሆን ፈልገው ነበር የሞከሩት። ሙሉ ቁጥር ይሁን የሚል የተፈጥሮ ሕግ ግን የለም!

እናንተም ሞክሩት። ረጅም ወረቀት ቁረጡና ሰንሰለቱን ዚግዛግ አድርጋችሁ ሳሉ፤ ኦክስጂን በቀይ፣ ናይትሮጂን በሰማያዊ። እጥፉ በየአልፋ ካርቦኑ ላይ በሰያፍ ያልፋል፤ ሰያፎቹ ትይዩ ይሁኑ፣ አልፋ ካርቦኑም ላይ ያለው ማዕዘን 110 ዲግሪ ገደማ ይሁን። ከዚያ ጠቅልሉት። ቀዩ ኦክስጂን ከአራት አሚኖ አሲድ ወዲያ ካለው ኤንኤች (ናይትሮጂንና የያዘው ሃይድሮጂን) ፊት ለፊት ሲመጣ፣ ዙሮቹን በሚያያይዘው ሃይድሮጂን ቦንድ ቦታ ቴፕ ለጥፉ። ያኔ 3.6 ራሱ ይመጣል።

ከአሚኖ አሲዶቹ አንዱ፣ ፕሮሊን፣ ሄሊክስ ይሰብራል የሚባለውም እዚሁ ይታያል፦ ናይትሮጂኑ በቀለበቱ ስለተያዘ ለቦንዱ የሚሰጠው ሃይድሮጂን የለውም፤ ቴፑ የሚያርፍበት ያጣል።

ፓይሞልን (የፕሮቲን ቅርጽ ማሳያ ሶፍትዌሩን) ከዚህ በኋላ ክፈቱ፤ በእጅ ሳይሠሩ ስክሪን ላይ ማሽከርከር ትምህርት አይደለም ባይ ነኝ። በማዮግሎቢን (ጡንቻ ውስጥ ኦክስጂን በሚይዘው ፕሮቲን) ጀምሩ፤ ስምንት ሄሊክሶች አሉት። ሌላውን የፕሮቲን ቅርጽ፣ ቤታ ሺትን፣ እኔም ገና እየታገልኩት ነው፤ በወረቀት የሠራችሁት ካላችሁ ፎቶ ላኩልኝ።