ካላንቾዬ አበበች

ዛሬ ጠዋት በረንዳ ላይ ያለችው ካላንቾዬ የምትባል ወፍራም ቅጠል ያላት ተክሌ አበባ አወጣች። ኅዳርን ስጠብቅ የነበረው ለዚህ ነው! አበቦቿ ቀያይ ናቸው። እያንዳንዷ አበባ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር አትበልጥም፤ አራት ክፋይ አላት፤ ብዙ ሆነው አንድ ግንድ ላይ ይሰበሰባሉ። ቡናዬን ይዤ አጠገቧ ቆሜ ቀረሁ።

የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ጥቅምት ገብቶም አይለቅም። እሷ ደግሞ ውሃዋን በወፍራም ቅጠሏ ውስጥ ታጠራቅማለች፤ ሥሯ እርጥበት ላይ ከቆየ ይበሰብሳል። ስለዚህ ዝናብ የማያገኛት ቦታ ነው የማስቀምጣት። አፈሯ ላይ አሸዋ በደንብ እቀላቅላለሁ። ጣቴን ሰድጄ አፈሩ ደረቅ ካልሆነ ውሃ የለም።

በጣም የምትገርመኝ ግን ጨለማ መውደዷ ነው። እንቡጥ የምትይዘው ሌሊቱ ሲረዝም ነው፤ ማታ መብራት ከበራባት ትዘገያለች። ለዚህ ስል የበረንዳውን አምፖል አጠፋለሁ። እማዬ «ኧረ አብሪው፣ ሰው ይመጣል» ትላለች፤ ዛሬ ግን እሷም ወጥታ አበባውን ዳሰሰችው።

የትውልድ አገሯ ማዳጋስካር ነው። እንዳሁላ የምንለው የእኛው ተክልም የቅርብ ዘመዷ ነው፤ ቅጠሉን አይታችሁ ከሆነ ያስታውቃል። አሁን ደግሞ እንዳሁላን በማሰሮ ማሳደግ አምሮኛል። አጥራችሁ ስር እንዳሁላ ያላችሁ የጅማ ልጆች፣ አንድ ቁራጭ አትንፈጉኝ።