ብሩሽ ያስጣለኝ ሕመም መስቀል አስያዘኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

እመቤታችን ያደረገችልኝን በሰው ፊት እመሰክራለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ስለት ዕዳ ነውና ይኸው።

ሥዕል የተማርኩት ጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ነው። በልጅነቴ ዲቁና ተቀብያለሁ፤ ግን ከቅዳሴው ይልቅ ቀለሙ ሳበኝ። አቡጀዲ መወጠር፣ ሙጫ መቀባት፣ ቀለም መበጥበጥ ሥራዬ ሆነ። የኔታ «ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥኡን በአንድ ዓይኑ ሳሉ» ይሉን ነበር። በኋላ ዲቪ ደረሰኝና ከባለቤቴ ጋር ሜሪላንድ ገባን።

አሜሪካ ለሠዓሊ ቶሎ እንጀራ አይሰጥም። ቀን መጋዘን ውስጥ ካርቶን አነሳለሁ፣ ማታ እስላለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ከፕሮቴስታንቶች የተገዛ ሕንጻ ስለሆነ ግድግዳው ባዶ ነበር። ሰበካ ጉባኤው ሥዕለ አድኅኖ እንድሠራ ጠየቀኝ። ብዙ ሰው ናሙና ብሎ የሚያመጣልኝ ከጣሊያን የተቀዳ ፖስተር ነው። እኔ ደግሞ የጎንደሩን አሣሣል እወዳለሁ። በዚህ ስንከራከር ስንት ቡና ቀዝቅዟል!

ምስለ ፍቁር ወልዳን፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትሳልበትን ሥዕል፣ ጀመርኩ። የእመቤታችንን ሰማያዊ መጎናጸፊያ ስጨርስ ቀኝ እጄ መደንዘዝ ጀመረ። መጀመሪያ ጣቶቼ፣ ከዚያ መዳፌ። ሌሊት ሲያቃጥለኝ እነቃለሁ። ብሎ ብሎ ብሩሽ መያዝ አቃተኝ። የቀረው ፊቷ ነበር፤ የዓይን መስመር ደግሞ በሚንቀጠቀጥ እጅ አይሞከርም። ሐኪሙ አንጓዬ ላይ ነርቭ ታፍኗል፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሃል አለኝ። ኢንሹራንስ የለኝም። ባለቤቴ እርጉዝ ናት።

ፍልሰታ ገባና ሱባኤ ያዝኩ። ውዳሴ ማርያም ደግሜ የምለው አንድ ነገር ነበር፦ «እመቤቴ፣ እጄን መልሺልኝና ሥዕልሽን ልጨርስ።» ሌላ አልለመንኩም።

ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ይፈልጋል፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። ውጭ አገር የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ ሦስተኛው ዲያቆን ሁሌ ሥራ ላይ ነው። በዚያ ፍልሰታ አንድ ጠዋት ዲያቆን ጎደለ። አስተዳዳሪው «አንተ ዲያቆን አይደለህም እንዴ?» አሉኝ።

«አባቴ፣ እጄ እኮ…»

«አፍህ ደህና ነው» አሉኝ።

ጧፉን በግራ እጄ ይዤ መቅደስ ገባሁ። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ዜማውን ያዝኩት። ከዚያ ቀን በኋላ አልቀረሁም።

ከምእመናኑ አንዷ ነርስ ናት። የንባብ መጽሐፉን በግራ እጄ ስገልጥ አይታ ጠየቀችኝ። ገቢው ዝቅ ላለ ሰው ሆስፒታሎች የክፍያ ድጋፍ እንደሚያደርጉ ነገረችኝ፤ ፎርሙንም ራሷ ሞላችው። ተፈቀደልኝ። ጠበሉንም ጠጥቻለሁ፣ ቀዶ ሕክምናውንም አድርጌያለሁ፤ ሁለቱን የሚያጣላ ሰው አይገባኝም። እመቤታችን ሐኪም ጋ መውሰድ አትችልም ያለው ማነው?

ለጥምቀት ብሩሽ ያዝኩ። የእመቤታችንን ዓይኖች ስስል ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ታለቅስ ነበር፤ እኔም ያው ነኝ።

መቅደሱን ግን መተው አልቻልኩም። 14ቱን ቅዳሴያት እንደገና መከለስ ጀመርኩ፤ መጋዘን ምሳ ሰዓት ላይ እንኳ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ከስልኬ እያዳመጥኩ። ትዳራችን በተክሊል፣ በቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ሥርዓት፣ ስለነበር ለቅስና እንቅፋት አልሆነብኝም። ሊቀ ጳጳሱ ሲመጡ ቅስና ተቀበልኩ። ይህንን በጸሎቴ አንድም ቀን አንስቼው አላውቅም።

አንዳንዶች «ቄስ ሆነህ ትስላለህ?» ይሉኛል። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ታላቁ ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን መነኩሴ ነበር፤ ሥዕሉ እስከ ዛሬ ጣና ላይ፣ ደጋ እስጢፋኖስ አለ። እኔም ከቅዳሴ መልስ እስላለሁ። ሲበርድ እጄ ትንሽ ይደነዝዛል። አሁን የያዝኩት ቅዱስ ሚካኤልን ነው፣ ክንፉና ሰይፉ ይቀራሉ። ለኅዳር 12 እንዲደርስ በጸሎት አስቡኝ።