ኮንዳጋኦን የዋልኩበት ቀን

ዛሬ የዋልኩት በመካከለኛው ሕንድ፣ በቻቲስጋር ግዛት ኮንዳጋኦን ነው። አካባቢው እ.ኤ.አ. እስከ 2012 የባስታር ወረዳ አካል ነበር። ባስታር ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ደኑና በደኑ ውስጥ ስለኖረው፣ የታጠቁ ኮሚኒስት አማፂያን (ማኦኢስቶች) ከሕንድ መንግሥት ጋር ስላደረጉት ጦርነት ነው። እኔ ግን ስለ ሰዎቹ እጅ ላውራ።

ጋድዋ የሚባሉት የአካባቢው አንጥረኞች «ዶክራ» የተባለውን የነሐስ ሥራ ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጬ አየሁ። መጀመሪያ ቅርጹን ከጭቃ ያበጃሉ። ከዚያ የንብ ሰም እንደ ጥጥ ፈትል አቅጥነው፣ ክር በክር እያስጠጉ ጭቃውን ያለብሱታል። የዝሆኑ ጌጥ፣ የሴትዮዋ አምባር፣ ሁሉም የሚወጣው ከዚያ ሰም ነው። አንዲት እናት ጣታቸውን ውኃ እየነከሩ አንዱን ክር ሲያስተካክሉ፣ ሲያነሡ፣ እንደገና ሲያስቀምጡ ትንፋሼን ይዤ ተመለከትኩ። በላዩ ሌላ ጭቃ ይለበጣል፤ እሳት ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በቦታው የቀለጠ ነሐስ ይገባል። ሲቀዘቅዝ የላዩ ጭቃ ይሰበራል። ስለዚህ ሁለት ፍጹም አንድ ዓይነት ሥራ አይገኝም።

ከ4,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረችው፣ በዛሬዋ ፓኪስታን በጥንታዊቷ ከተማ በሞሄንጆ ዳሮ የተገኘችው የነሐስ ጨፋሪ ሐውልት የተሠራችው በዚሁ ዘዴ ነው። ከእኛ ጥንታዊ የነሐስ መስቀሎችም ብዙዎቹ እንዲሁ። ይህን ሳስብ ደስታዬ እጥፍ ሆነ።

አንድ ገዢ ግን ዋጋ በግማሽ ይቀነስልኝ ብሎ ሲሟገት ሰምቼ አንጀቴ አረረ። እባካችሁ፣ ከጃግዳልፑር ወደ ራይፑር በሚወስደው አውራ ጎዳና የምታልፉ ከሆነ ኮንዳጋኦን ውረዱና ከሠሪዎቹ እጅ ግዙ፤ የጠየቋችሁንም ክፈሉ።