አፈሩስ?

«አፈሩስ የታለ?» አልኩት አስጎብኚውን።

ትናንት ክጋሪ የሚባል የአውስትራሊያ ደሴት ላይ ነበርን። ከብሪዝበን ሌሊት ተነስተን። ዛፎቹ ጫፋቸውን ለማየት አንገት ያስቀጫሉ። ሰውዬው ሳቀና በርከክ ብሎ የረገፈውን ቅጠል ገለጠ። አሸዋ። ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደ። አሁንም አሸዋ! ፀጉር የምታክል ሥር መዘዘና «ከሥሩ ጋር የሚኖር ፈንገስ አለ፣ ዛፉን የሚያበላው እሱ ነው» አለኝ። ሌላው ቀለቡ ራሱ የሚያረግፈው ቅጠል ነው።

ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ደሴት፣ ከጥቂት ቋጥኝ በቀር ሁሉም አሸዋ።

ዋንጉልባ ወንዝ ስንደርስ «ዝም በሉ» አለን። ዝም አልን። ምንም የለም። ድንጋይ ከሌለ ውሃው ከምን ጋር ይጣላ? መፍሰሱን ያመንኩት ቅጠል ተንሳፍፎ ሲያልፍ ነው። እኛ አገር ወንዝ ሳይታይ ነው የሚሰማው።

በአሸዋ ላይ ቤቱን ስለሠራው ሰነፍ ሰው ስሰማ ነው ያደግኩት። እዚህ አገር ስንት ዓመቴ፣ ዛሬም «ገና ሥር አልያዝኩም» እላለሁ። አፈሩን እያማሁ።

ማታ ጫማዬን ሳራግፍ ወለሉ ነጭ ሆነ። ልጠርገው ብዬ መጥረጊያ ካነሳሁ በኋላ መልሼ አስቀመጥኩት።