የኬጀን ላይን ዳንስ እንዴት እንደተማርኩ

ሂውስተን ጎረቤቴ የሉዊዚያና ሰው ናቸው፣ ኬጀን ከሚባሉት የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ዘር፣ ላፋዬት ተወልደው ያደጉ ትልቅ ሴትዮ፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ላይን ዳንስ (ሰው በረድፍ ቆሞ ያለ ጥንድ አንድ ዓይነት ስቴፕ የሚጨፍርበት) ይሄዳሉ፣ አንድ ቀን ነይ አሉኝና ሄድኩ። ጭፈራው በካንትሪ ሙዚቃ ነው ሲባል እኔ ቀስ ያለ የጊታር ዘፈን ነበር የሚመስለኝ፣ የተከፈተው ግን የኬጀን ሙዚቃ ነው፣ አኮርዲዮንና ፊድል (ቫዮሊን) የሚሯሯጡበት ነገር፣ ከስር ደሞ ትንሽዬ የብረት ትሪያንግል ቲን ቲን ትላለች፣ ቁጭ ብሎ መስማት አይቻልም በቃ።

ዳንሱ 32 ቆጠራ (ምት) ነው፣ 32 ላይ ስትደርሱ ሩብ ዞራችሁ ወደ ቀጣዩ ግድግዳ ፊታችሁን አድርጋችሁ ከአንድ ትጀምራላችሁ። እኔ ኋላ ቆሜ የሰው እግር እያየሁ እከተል ነበር፣ የቻልኩም መስሎኝ ነበር፣ ግን ሁለቴ ስንዞር የኋላው ረድፍ ፊት ይሆናል፣ ከፊቴ ማንም የለም፣ እግሬም ቆመ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እዛችው ቦታ ላይ ነው የምቆመው፣ በጣም ነው የከፋኝ።

ከዛ ሴትዮዋ ኩሽናቸው ውስጥ ያለ ሙዚቃ አስቆሙኝና እያንዳንዱን ስቴፕ በአፍሽ እየጠራሽ ሂጂ አሉኝ። በአማርኛ ልቆጥር ሞከርኩ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ፣ ቃሉ ይረዝማል፣ ለዛ ፍጥነት አይደርስም። እንቅስቃሴውን ስጠራ ግን ልክ ገባ፦ ጎን፣ ኋላ፣ ጎን፣ ንካ። ሻፍሉ ደሞ በሁለት ምት ውስጥ ሦስት እርምጃ ነው፣ ቀኝ ግራ ቀኝ፣ ቶሎ ቶሎ። እስካሁን የምጨፍረው በነዚህ ቃላት ነው።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን "ንካ" የምትለዋ ናት። እግሩ መሬት ይነካል እንጂ ክብደት አይቀመጥበትም፣ ከተቀመጠበት ቀጣዩን የሚጀምረው እግር ይሳሳትና እስከ 32 ድረስ ሁሉም ይበላሻል፣ እኔ እኮ ስቴፑን ረሳሁ እያልኩ የተጨነቅኩት ችግሩ ክብደቴ ሆኖ ነው። እርምጃ ማሳጠር ደሞ አለ፣ ሙዚቃው ፈጣን ስለሆነ እግር ከሰውነት ራቅ ካለ መመለሻ ጊዜ የለም። ጫማም ለውጡ፣ የጎማ ሶል ወለሉን ይዞ አይዞርም፣ ጉልበቴን ያመኝ ነበር፣ የቆዳ ሶል ሳደርግ ለቀቀኝ። ትከሻዬ ግን አስቸገረኝ፣ እስክስታ ለለመደ ሰው ምት ሲሰማ ትከሻ ነው የሚነሳው፣ እዚህ ከወገብ በላይ ዝም ነው፣ ስራው የእግር ነው።

ሴትዮዋ እንደነገሩኝ ላይን ዳንሱ ከካንትሪው ሰፈር የመጣ ነው፣ የኬጀኖቹ የራሳቸው ጭፈራ በጥንድ የሚጨፈረው ቱ ስቴፕና ዋልትዝ ነው። አያቶቻቸው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አካዲያኖች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1755 ጀምሮ እንግሊዞች አሁን ካናዳ ውስጥ ካለው ኖቫ ስኮሺያ ያባረሯቸው፣ ብዙዎቹ ኋላ ሉዊዚያና ገቡ። ይሄን ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀየራል፣ እኔም ከሰማሁ በኋላ ያንን ፊድል እንደ ድሮው አልሰማውም።

አሁን ዋልትዙን እያስጀመሩኝ ነው። ኦክቶበር ላይ ላፋዬት የአካዲያንና የክሪዮል (ሌላው የሉዊዚያና ሕዝብ) ፌስቲቫል አለ፣ በሃይዌይ 10 ቀጥ ብሎ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ እኔ ልነዳ እሳቸው ሊያስጨፍሩኝ ተባብለናል።