ምጣዱ ላይ ማን አለ?

ቅዳሜ ጠዋት 2 ለ 0 አሸነፍን። ውጤቱ ብዙ የሚያስወራ አይደለም። እኔ ግን ከሜዳ እስከ ቤት ባጃጅ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ነበር፤ ሹፌሩ ሁለቴ ዞሮ አይቶኛል። ያሸነፍነው ቡድን ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ገጥሞናል። ሦስቱንም ጊዜ ልጆቹን ሳጥኑ ውስጥ ደርድሮ ዘጋብን። ሁለቴ 0 ለ 0 ወጣን፣ አንዴ ደግሞ 1 ለ 0 ቀጥቶን ሄደ። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ልኩራራ። በየሰፈሩ ልጅ የምታሰለጥኑ ሰዎች አትፈርዱብኝም።

ለማያውቀኝ፣ ቀን ቀን ድሬዳዋ ቀፊራ አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ። ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 1 ተኩል ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ልጆች አሰለጥናለሁ። ከዚያ በኋላ የድሬ ፀሐይ አያስቆምም። የአሰልጣኝነት ወረቀት የለኝም። ያለኝ ደብተር፣ ፊሽካና ስድስት ኳስ ነው፤ ከስድስቱ ሁለቱ ይተነፍሳሉ።

ስለ መጀመሪያው ጊዜ አላስረዝምም። ታኬታ ማሰባሰብ፣ ማልያ መለመን፣ ሜዳ መሻማት፣ ሁላችሁም ያለፋችሁበት ነው። በስድስት ወር ውስጥ ልጆቹ ኳስ በመሬት፣ በሁለት ንክኪ መቀባበል ቻሉ። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መቀባበል እንደምንችል ሲሰማ፣ የሚገጥመን ሁሉ እየዘጋ ይጫወት ጀመር።

አሰልጣኝ ሞሪንሆ ቼልሲ በገባበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ቶተንሃም 0 ለ 0 ሲያስወጣው “አውቶቡስ አምጥተው በር ላይ አቆሙ” ብሎ አማረረ፤ አባባሉም ዓለምን ዞረ። የእኛ ልጆች ግን “ባቡሩን አቆሙት” ነው የሚሉት። ለገሀር ቆሞ የቀረውን አሮጌ ባቡር ያየ ልጅ አውቶቡስ ምን ያደርግለታል?

ሜዳችን ጠባብ መሆኑ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ወርዱን ለካሁት፤ 46 እርምጃ ነው። ትልቁ ሜዳ 68 ሜትር ነው። እዚያ አራት ተከላካይ ቢደረደር ለእያንዳንዱ 17 ሜትር ይደርሰዋል። እኛ ጋ እጅ ለእጅ ሊያያዙ ምንም አይቀራቸው።

የመጀመሪያ መልሴ ተሻጋሪ ኳስ ነበር። መስመር ላይ አድርሱ፣ ወደ ሳጥን ወርውሩ። አንድ ዓመት ሙሉ ይህንን ነው ያስተማርኩት፤ እዚህ ላይ ልጆቹን ይቅርታ ልጠይቅ። አንድ ቀን ደብተር ይዤ ቆጠርኩ። 31 ጊዜ አሻማን። በቴስታ ያገኘነው ሁለቱን ነው። አንዷ ወደ ውጪ ወጣች፣ ሌላዋ የራሳችንን ልጅ ጀርባ መታች። ራሴን የማጽናናው በማንቸስተር ዩናይትድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሰልጣኝ ሞየስ ዘመን፣ በዚያው ዓመት ከሊጉ የወረደው ፉልሃም ኦልድትራፎርድ ላይ ዘጋባቸው። ከ80 ጊዜ በላይ አሻምተው 2 ለ 2 ወጡ። ከሩቅ የሚወረወር ኳስ ሎተሪ ነው። ፊቱን ወደ ኳሷ ያዞረ ተከላካይ ከዚያ የሚቀልል ሥራ የለውም።

ከዚያ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። እንቀባበል፣ እንታገስ፣ ይከፈታል አልኩ። ሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚያዩን አንድ ሽማግሌ አሉ። የጥጥ ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው። በ1950ዎቹ የፋብሪካው ቡድን ጥጥ ማኅበር የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሲሆን በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። አንድ ጠዋት ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ስንል አይተው አላስችል አላቸው።

“አቦ! የሸማኔ መወርወሪያ ናችሁ እንዴ? ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ። ጨርቁስ የታለ?”

ልጆቹ ሳቁ። እኔ አኮረፍኩ። ማታ ግን አሰብኩበት። እ.ኤ.አ. በ2022 ስፔን ኳታር ላይ ከሞሮኮ ጋር ስትጫወት ዲኤስቲቪ ቤት ነበርኩ። ከ1000 በላይ ኳስ ተቀባበሉ። ጎል ግን የለም፤ በመጨረሻ በመለያ ምት ወደቁ። ቤቱ በጩኸት ሲናጥ እኔም ከጮሁት አንዱ ነኝ። ያኔ የሳቅኩበትን ነገር ለካ ጠዋት ጠዋት ለልጆች አስተምር ነበር። ጋሼ ልክ ናቸው። (ሁልጊዜ ግን አይደሉም። “ረጅም ልጅ አስገባ” ማለታቸውን እስከ ዛሬ አልተዉም።)

ያኔ ነው ደብተሩን ወደ ኋላ ያገላበጥኩት። የገቡልንንም የገቡብንንም ጎሎች ከየት እንደተመቱ በነጥብ አስቀምጫለሁ። ነጥቦቹ ከሪጎሬ መምቻው እስከ ትንሿ ሳጥን ባለው ቦታ ላይ እንደ ጤፍ ተከምረዋል። ይህ የእኛ ሰፈር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከ11 ሜትር፣ ከመሀል የሚመታ ልጅ 7.32 ሜትሩ በር በሙሉ ፊት ለፊቱ ነው። 15 እርምጃ ወደ ጎን ሲወጣ ያው በር ገርበብ እንዳለ መዝጊያ ይጠብበታል።

እዚያ ቦታ ላይ ነፃ ልጅ እንዴት ይገኛል? መልሱን ማንቸስተር ሲቲ 100 ነጥብና 106 ጎል ባስመዘገበበት እ.ኤ.አ. በ2017/18 የውድድር ዓመት የመስመር አጥቂዎቹ ሳኔና ስተርሊንግ በየሳምንቱ ያሳዩ ነበር። ከተከላካዩ ጀርባ ገብተህ የግብ መስመሩ ጋ ትደርሳለህ። ከዚያ ኳሷን በመሬት ወደ ኋላ ትመልሳለህ። ይኸው ነው። ኳሷ ከጀርባቸው ስትገባ ተከላካዮቹ ፊታቸውን ወደ ራሳቸው በር አዙረው ይሮጣሉ። ኳሷንና ከኋላ የሚመጣውን ሰው አንድ ላይ ማየት አይችሉም። ተቀባዩ ከኳሷ ኋላ እስካለ ድረስም ከጨዋታ ውጪ የሚባል ፊሽካ አይነፋበትም።

ሲወራ ቀላል ነው። እኔን አምስት ወር ፈጅቶብኛል።

የልጆቹ ፈተና መስመሩ ጋ መድረስ አልነበረም። 7 ቁጥራችን ነፋስ ነው፤ ይደርሳል። ኳሷን ሲመልስ ግን ማንም የለም። ሁሉም እንደ በግ ተነድተው ትንሿ ሳጥን ውስጥ በረኛው እግር ላይ ቆመዋል። ኳሷ ባዶውን ቦታ አቋርጣ በሌላው በኩል ትወጣለች። ስለዚህ ሪጎሬ መምቻው ዙሪያ አራት እርምጃ ስፋት ያለው ክብ በኖራ አሰመርኩ። ነፋስ ተነስቶ የአንዱን ልጅ ዓይን አቃጠለው። የኔ ጥፋት ነው፤ እናንተ ኖራ እንዳትሞክሩ። ከዚያ እንጀራ ጋግራ ከምትሸጥ ጎረቤቴ አመድ በፌስታል መቀበል ጀመርኩ። ልጆቹ አመዱንና ክቡን ሲያዩ “ምጣድ” አሉት። ስሙ በዚያው ጸና። አሁን ሜዳ ላይ የምንጮኸው አንድ ነገር ነው፤ “ምጣዱ ላይ ማን አለ?”

በሳምንቱ ምጣዱ ላይ ሰው ተገኘ። አዲስ ችግር መጣ። 8 ቁጥራችን ቀድሞ ይሄድና ቆሞ ይጠብቃል። እሱ ሲቆም ተከላካዩም አጠገቡ ይቆማል። የቆመ ሰው ነፃ ሰው አይደለም። ነገሩ መቼ መድረስ እንዳለበት ነው። ኳሷና ልጁ እኩል መድረስ አለባቸው። ይህንን ለ14 ዓመት ልጅ እንዴት ታስረዳለህ?

በቁጥር ሞከርኩ፤ “አንድ፣ ሁለት፣ ሂድ።” አልሠራም። 7 ቁጥሩ በየቀኑ በአንድ ፍጥነት አይሮጥማ። ከዚያ ወደ ጩኸት ገባሁ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ልጁን ጓደኞቹ ፊት ጮህኩበት፤ ሁለት ሳምንት ቀረ። ሳቢያን ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። እናቱ ቡና አፍልተው አስቀመጡኝና እንዲህ አሉኝ።

“የኔ ወንድም፣ አንድ ቀን አትክልት ልገዛ ስወጣ ቆሜ አይቻችኋለሁ። ግባ ትለዋለህ፣ ሲገባ ቆይ ትለዋለህ። ሲቆይ ደግሞ ምን ይገትርሃል ትለዋለህ። ልጁ የቱን ይስማ?”

ቡናው አፌ ውስጥ ቀረ። ስለ ኳስ ከማንም አሰልጣኝ የተሻለ ነገር የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ለልጁ ምልክት አልሰጠሁትም፤ ትእዛዝ ብቻ ነው የሰጠሁት።

ምልክቱን ያገኘሁት ሱቅ ውስጥ ነው። ጓደኛዬ በስልክ የቀረጸውን ልምምድ እየመላለስኩ ሳይ፣ 7 ቁጥሩ ኳሷን ሊመልስ ሲል ሁልጊዜ ያቀረቅራል። ሲሮጥ ቀና ብሎ ነው። ከማቀበሉ በፊት ባለው ንክኪ አንገቱ ይሰበራል። ሌሎቹንም አየኋቸው፤ ብዙዎቹ ያው ናቸው። ስለዚህ ከሳጥኑ ውጪ አራት ድንጋይ ደረደርኩና ሕጉን አንድ ዓረፍተ ነገር አደረግሁት። አንገቱ እስኪሰበር ድረስ ከድንጋዩ አትለፍ፤ ሲሰበር በሙሉ ኃይልህ ወደ ምጣዱ። በሦስተኛው ቀን 8 ቁጥሩ ከአስር ሙከራ ስድስቱን በጊዜው ደረሰ። ወላሂ፣ ልጁ ከኔ በላይ ደነገጠ።

ምጣዱ ግን ሳይለቀቅ አይጋገርበትም። መሀል ተከላካዮቹን ወደ ውስጥ ይዞ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። ያ 9 ቁጥር ነው። ወደ ቅርቡ ቋሚ በሙሉ ፍጥነት ይሮጣል፤ ኳሷ እንደማትደርሰው እያወቀ። የእኛው 9 ቁጥር “ለሌላ ሰው ነው እንዴ የምሮጠው?” ብሎ አመፀ። ልክ ነው፤ ማን ይወዳል? መላ ፈጠርኩ። በዚህ መንገድ ጎል በገባ ቁጥር ደብተሩ ላይ ለእሱም ግማሽ ጎል ይጻፍለታል። አሁን ስምንት ተኩል አለው፤ በየልምምዱ መጥቶ ደብተሩን ያያል።

መስመሩ ጋ እንዴት ይደረሳል ለምትሉ፣ በአጭሩ፣ ግራ ላይ አራት ልጅ ሰብስበን እንቀባበላለን። ተከላካዩ ሁሉ ወደዚያ ሲሳብ በሁለት ወይ በሦስት ፓስ ቀኝ ጥግ ላይ ብቻውን ለቀረው 7 ቁጥር። በሁለት ፓስ ስላችሁ ቶሎ ነው። ኳሷ መሀል ላይ ከዘገየች እነሱም ተንሸራተው ይደርሳሉ፤ እንደገና መወርወሪያ ሆናችሁ። ሜዳ ዳር ቆሞ “ተረጋጋ! ታገስ!” የሚል አሰልጣኝ ያናድደኛል። በሰባት ተከላካይ ፊት ሲቀባበሉ መረጋጋት ምን ያደርጋል? ልጁ ይረጋጋ፤ ኳሷ ግን ትሩጥ። ሜዳ ማዞርም ተዉ። ልጅ በፀሐይ አሥር ዙር ሮጦ ምጣዱ ላይ በሰዓቱ አይደርስም።

ከሳጥን ውጪ መምታትን ከልክዬ ነበር። አንዱ ልጅ ሕጌን ጥሶ ከ20 ሜትር አገባ። ሕጉን ግማሹን አነሳሁት። ከሩቅ የሚመታ ሰው ካለ ተከላካዮቹ ሊሸፍኑ ይወጣሉ፤ ሲወጡ ጀርባቸው ይከፈታል። ይህንን ቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ። ስለ ማዕዘን ምት ምክር አትጠይቁኝ፤ ትዕግስቱ የለኝም። የዘጋ ቡድን ላይ የቆመ ኳስ ትልቅ መሣሪያ መሆኑን ግን አልክድም።

ያ 1 ለ 0 የተሸነፍንበት ቀን ደግሞ ጥፋቱ የኔ ነበር። ምጣድ ምጣድ ስል አሥሩንም ሳጥን ውስጥ ከትቼ፣ አንድ የተጠረገ ኳስ ብቻውን ለቆመ አጥቂያቸው ደረሰው። በረኛችን ምን ያድርግ? አሁን ሦስት ልጅ ከኋላ ይቀራል። አንደኛው ገና ኳስ በእጃችን እያለ ከዚያ አጥቂ ጎን ይለጠፋል።

የቅዳሜዋን የመጀመሪያ ጎል ልንገራችሁ። ግራ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ተነካካን። ከዚያ አማካዩ፣ ከአማካዩ ቀጥታ ለ7 ቁጥር። አንዱን ተከላካይ አለፈው። 9 ቁጥር ወደ ቅርቡ ቋሚ በረረ፣ ሁለት ልጅ ተከተሉት። 8 ቁጥሩ ከሳጥኑ ጫፍ ቆሟል፤ አይኑ 7 ቁጥሩ አንገት ላይ ነው። እኔ ዝም አልኩ፤ ፊሽካዬን ነክሼ ዝም። አንገቱ ተሰበረ። 8 ቁጥሩ ተነሳ። በውስጥ እግሩ፣ በእርጋታ፣ በረኛው የለቀቀው ጥግ ላይ አስቀመጣት። ሁለተኛዋን አልተርክም፤ የነሱ ተከላካይ ናት ያገባት።

ከጨዋታው በኋላ የነሱ አሰልጣኝ መጥቶ ጨበጠኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከማሟሟቂያችን የቀረውን የአመድ ክብ አየ። “ይሄ ምንድነው?” አለኝ። “ምጣድ” አልኩት፤ አፌ አላረፈም። በሚቀጥለው ምጣዱ ላይ ሰው እንደሚያቆም እርግጠኛ ነኝ። የሚያቆመው ሰው ከአንድ ቦታ መጉደሉ አይቀርም፤ ምናልባት ከሳጥኑ ጫፍ ነው። ከምጣዱ አምስት እርምጃ ወደ ኋላ ሁለተኛ ክብ ልሠራ አስቤያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ጎረቤቴ ማክሰኞ ትጋግራለች፤ ሁለት ፌስታል እንድታስቀምጥልኝ ነግሬያታለሁ።